ስለ «ትዝታ» መጽሐፍና በወለጋ ስለ ቀረው ዕዳ

መንግሥታት የጦርነትን ጉዳት በቍጥር ይናገራሉ። ኢትዮጵያም ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ባቀረበችው አቤቱታ 760,300 ሰዎች እንደ ሞቱባት፣ 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶች እንደ ጠፉባት አመለከተች። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል የተወሰነላት ካሣ ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ነበረ። ዳሩ ግን ካሣ የማይደርስበት ጉዳት አለ፤ ይህን መዝግቦ ለልጅ ልጅ የሚያቈየው ደራሲ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ከወጡት ድርሰቶቻችን ብዙዎቹ ድልን የሚያወድሱ ናቸው። ይህም የተገባ ነው፤ ነጻ የወጣ ሕዝብ ያመሰግናልና። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ባሕር በተከፈለ ጊዜ የተዘመረውን መዝሙር ብቻ ሳይሆን ሰቆቃወ ኤርምያስንም አቈይቶልናል። ውድቀቱን ያላወቀ ሰው መነሣቱን አያከብርም።

በ1985 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይቈጠራል። ደራሲው በቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ሰሙ ቢያምር ወርቁ ካልወጣ መምህሩ አይቀበለውም። እርሳቸውም ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ በሽሬ መዝመታቸውን፣ ማፈግፈጋቸውን፣ በምዕራብ መማረካቸውንና በኢጣልያ መታሰራቸውን ሲተርኩ ሽንፈትን በድል ቃል አይሸፍኑም። የመጽሐፉ ክብር በዚህ ነው።

ይህ ታሪክ ለወለጋ ሰው ባዕድ አይደለም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ በቦናያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች ያቃጠሉት፣ ጄኔራል ማልዮኮንም የገደሉት ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። የማኅበሩ ብዙ ሰዎች ከራስ እምሩ ጋራ በ1929 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ከየካቲት 12 በኋላም ጠላት የተማሩትን ወጣቶች እየለየ ፈጀ። አገር ነጻ ስትወጣ ሊያስተምር፣ ሊያክም፣ ሊፈርድ የሚችለው ትውልድ ተመናምኖ ተገኘ። የዚህ ጉድለት ዋጋ በየትኛው የካሣ ውል ተጻፈ?

መጽሐፉ የማይደርስበት አንድ ስፍራ አለ። ደራሲው ወደ ኢጣልያ ስለ ተወሰዱ በምዕራብ የቀረው ሕዝብ እስከ 1933 ዓ.ም. ያየውን በዓይናቸው አላዩም። ከአንድ ቤት አንዱ ዱር ሲገባ ሌላው ለጠላት ሲያድር፣ ቂሙም ከነጻነት በኋላ በልጆች መካከል ሲኖር፣ ይህን የሚናገረው እዚያው የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ ዕዳው ከደራሲው ላይ ሳይሆን ከአገሩ ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢዶሎ ያላችሁ ካህናትና መምህራን ሆይ፣ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፉ። የጀግናውን ስም ከነሥራው፣ የበደለውንም ነገር ያለ በቀል አኑሩ። ያየ ዓይን ከጥቂቱ በቀር ተከድኗል፤ የሰማ ጆሮም ነገ ይቀበራል። መታሰቢያ የሌለው ሙት ሁለተኛ ይሞታልና።