ጳጳሱ ኮሌንሶና ስማቸው ያልተጻፈው ጠያቂ

በናታል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት የጆን ዊልያም ኮሌንሶ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደ ሃይማኖት ክርክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ተሾሙ፤ በ1862 ብሔረ ኦሪትን የሚመረምር መጽሐፍ ማሳተም ጀመሩ፤ በ1863 የኬፕታውኑ ጳጳስ ሮበርት ግሬይ በኑፋቄ ፈረዱባቸው፤ በ1865 ግን በለንደን ያለው የንግሥቲቱ የዳኝነት ጉባኤ ፍርዱን ሻረው። የሕዝብን ባህል የሚያጠና ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸውም ጳጳሱ ዕውቀታቸውን ከማን አገኙ፥ ለሰጧቸውስ ሰዎች ምን ዋጋ ከፈሉ የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ የሚመሰገኑበት ሥራ አላቸው። የዙሉን ቋንቋ ተምረው በ1855 ሰዋስው፥ በ1861 መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ብዙ ሚስቶች ያሉት ሰው እነርሱን ካልፈታ አይጠመቅ የሚለውንም ደንብ፥ በሚፈቱት ሴቶች ላይ ግፍ ነው ብለው ተቃወሙ። በ1859 ወደ ዙሉው ንጉሥ ወደ ምፓንዴ ሲሄዱ አብረዋቸው የተጓዙት ማጌማ ፉዜ፥ ንዲያኔና ዊልያም ንጊዲ ያዩትን በገዛ ቋንቋቸው ጻፉ፤ ጽሑፉም በ1860 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋራ በየስማቸው ታተመ። በዚህ መጽሐፍ የአገሩ ሰው የሚጠና ብቻ ሳይሆን ራሱ ታዛቢና ጸሐፊ ሆኖ ይታያል።

ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የኦሪት ምርመራ ይህን ክብር አልጠበቀም። ጳጳሱ በመቅድሙ እንደሚገልጹት፥ የጥፋት ውሃን ታሪክ ሲተረጉሙ አብሯቸው የነበረ አንድ ዙሉ ታሪኩ በእርግጥ የተፈጸመ መሆኑን ጠየቃቸው፤ ጥያቄውም ኅሊናቸውን ነካው። ጠያቂው ንጊዲ እንደ ነበሩ ይታወቃል፤ በመቅድሙ ግን ስማቸው የለም። ጳጳሱ የማሰብ ችሎታቸውን ቢያደንቁም ገርነታቸውን ከሕፃን ጋራ ያነጻጽራሉ። በእንግሊዝ አገር የነበሩ ተቺዎችም ዙሉ የለወጠው ጳጳስ እያሉ ተሳለቁ።

ስሙ የተሸሸገው ሰውየውን ከነቀፋ ለመጠበቅ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ቢሆን እንኳ የሕፃኑን ንጽጽር አያስረዳም። ንጽጽሩን የሚያስረዳው የአንባቢው ማንነት ነው፤ የፊተኛው መጽሐፍ ዙሉኛ ለሚማር፥ የኋለኛው ግን ለእንግሊዝ ሊቃውንትና ካህናት ተጻፈ።

ጳጳሱ በዚህ አልቆሙም። በ1874 የህሉቢ አለቃ ላንጋሊባሌሌ በዐመፅ ተፈርዶባቸው ሲጋዙ፥ የአገሬውን ምስክሮች ቃል ሰብስበው ተሟገቱላቸው፤ ስለዚህም የቀድሞ ወዳጃቸውን ቴዎፍሎስ ሼፕስተንን አጡ። በ1879ም በዙሉ ላይ የተከፈተውን ጦርነት በስብከታቸው ነቀፉ። በዚህ ጊዜ የዙሉው ቃል የየዋህ ሰው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ በመንግሥት ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ሆነ።

ኮሌንሶ በ1883 ዐረፉ። በእርሳቸው ትምህርት ቤት የኅትመትን ሥራ የተማሩት ፉዜ፥ የጥቁር ሕዝቦችን አመጣጥ የሚናገር መጽሐፍ በዙሉኛ ጽፈው በ1922 በስማቸው አወጡ። ስለዚህ የጳጳሱን ሥራ የሚመዝን ሰው የ1860ንና የ1862ን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ ይገባዋል፤ የአንድ ሊቅ ቅንነት በሚሰማው ብቻ ሳይሆን የሰማውን ለሌላ ሲያስተላልፍ የተናጋሪውን ስም በመጥራቱም ይለካልና።