የሄግል ፍልስፍና በመግቢያ ትምህርት

በፍልስፍና መግቢያ ትምህርት ስለ ጀርመናዊው ፈላስፋ ስለ ሄግል የሚሰጠው ገለጻ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቃላት ተጀምሮ በእነዚያው ይፈጸማል፤ እነርሱም ቴሲስ፣ አንቲቴሲስና ሲንቴሲስ ናቸው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተናም ይመልሳል።

ይሁን እንጂ ሄግል ሐሳቡን በሦስት ክፍል ማዋቀር ቢያዘወትርም፣ ይህ ቀመር የእርሱ መለያ አይደለም። ቃላቱን አስቀድሞ የተጠቀመባቸው ፊሽቴ ሲሆን፣ የሄግል ፍልስፍና ማጠቃለያ ሆነው እንዲታወቁ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1837 የታተመው የኻሊቤውስ መጽሐፍ ነው። ሄግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ» መቅድም፣ የሦስትዮሹ አከፋፈል ሕይወት ወደሌለው ሰንጠረዥ መለወጡን ነቅፏል።

ጉዳቱ ከታሪክ ስሕተት ያልፋል። ማናቸውንም ነገር በሦስት መክፈል የለመደ ተማሪ ሳያስብ ያሰበ ይመስለዋል።

ስለዚህ ከዚያው መጽሐፍ ስለ ጌታና ባሪያ የተጻፈውን ክፍል በክፍል ውስጥ ማንበብ ይመረጣል። ጌታው ክብር የሚሻው እርሱ ራሱ ከማያከብረው ሰው ነው፤ ኑሮውም በዚያው ሰው ድካም የቆመ ነው። ባሪያው ግን በሥራው ራሱን ያውቃል። ከሁለቱ ወደ ነጻነት የቀረበው የትኛው እንደሆነ የተጠየቀ ተማሪ ምክንያቱን ከጽሑፉ ይፈልጋል። ፈተናውም መጠየቅ ያለበት ሦስቱን ቃላት ሳይሆን ይህንኑ ምክንያት ነው።