መስመር፣ ዓይንና ልክ በጎንደር ሥዕል

የሥዕል ተማሪ መጀመሪያ የሚቀበለው አንድ ዝርዝር ነው፦ መስመር፣ ቅርፅ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ሸካራነት፣ ቦታ። እነዚህን የሚያደራጁት መርሖች ይከተላሉ፦ ሚዛን፣ ምጥጥን፣ ምት፣ ንፅፅር፣ አጽንዖት፣ ውህደት። ዝርዝሩ ይጠቅማል። ችግሩ የሚጀምረው መጠየቂያነቱ ቀርቶ መፍረጃ ሲሆን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን «ርቀት አያሳይም፣ የአካል ምጥጥን ይጎድለዋል» እየተባለ የተገመገመው በዚህ መንገድ ነው። የጎንደር ሠዓሊ ግን ቦታንም ሆነ ምጥጥንን አልዘነጋም፤ ለክብርና ለትርጉም እንዲያገለግሉ አደረጋቸው እንጂ።

ዓይንን እንመልከት። በዚህ ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ለተመልካቹ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሃዲና ጨካኝ ጎኑን ብቻ ስለሚያሳይ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። በጸሎተ ሐሙስ እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ከሐዋርያት ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም። አጽንዖቱ የመጣው ከብርሃን ድምቀት ሳይሆን ከፊት አቅጣጫ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ምእመን የተሠራ ሥዕል ከዚህ የጠራ ቋንቋ ሊያገኝ የሚችል አይመስለኝም።

ምትም እንዲሁ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ በተረፈችው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ፀጉራቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ድግግሞሹ ጣሪያውን አንድ ያደርገዋል፤ በፊቶቹ መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት ደግሞ ዓይን እንዳይሰለች ያደርጋል። የትኛውም ፊት ከሌላው አይበልጥም፤ ስለዚህ ተመልካቹ የሚያርፍበት ማዕከል የለውም፣ ጣሪያውም ከየትም ይታያል።

ምጥጥን በናርጋ ሥላሴ ይበልጥ ይናገራል። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ባለችው በዚህች ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት፣ በዘመኑም የመንግሥቱን ሥልጣን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ሆኖም በሥዕሉ ውስጥ ከእመቤታችን እጅግ ያነሱ ናቸው። ይህን ልክ የወሰነው የርቀት ሕግ አይደለም። ሠዓሊው እቴጌይቱን በሰው ቁመት ቢሥላቸው ኖሮ ስለ ትሕትና የሚናገረው ነገር ባልኖረው ነበር።

የመጀመሪያው የጎንደር ሥልት መስመርን ያነግሣል፦ ደማቅና ጥላ የሌለው ቀለም፣ ባዶ ዳራ፣ የልብሱን እጥፋት የሚያሳዩ ትይዩ መስመሮች። በ18ኛው መቶ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው ሥልት ፊትን በጥላ ያድቦለቡላል፣ ልብሱን በአበባና በጥለት ይሞላል፣ ዳራውንም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ያሸጋግራል። ብዙዎች ሁለተኛውን እንደ እድገት ያዩታል። በእኔ ዓይን ግን የመጀመሪያው ይበልጣል፤ የጥለቱ ብዛት እይታን ከፊት ወደ ልብስ ይጎትታልና። ይህም ሆኖ የሁለተኛው ሥልት ሠዓልያን ጥላን ተቀበሉ እንጂ ከጥላው ጋር የሚመጣውን ሥርዓት ሁሉ አልተቀበሉም። የቅዱሳኑ ጉንጭ ይጠቁራል፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ ግን የላቸውም፣ ብርሃኑም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከውጭ የመጣውን የጥላ ስልት ለፊት ሙላት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ቅዱሱን በአንድ ሰዓትና በአንድ መስኮት ብርሃን ሥር ማቆም ሳያስፈልጋቸው።