ጨረር በልክ

የጨረር ሕክምና መሣሪያው ቁም ሣጥን ይመስላል፤ ውስጡ ዙሪያውን ረጃጅም አምፖል ነው። ታካሚው መነጽር አድርጎ ይገባል፣ በመጀመሪያው ቀን ገና ሳይሞቀው «በቃ፣ ይውጡ» ይባላል። «ለዚህች ነው እንዴ የመጣሁት?» የሚለው ብዙ ነው። የነርሷ ሙያ ግን ያለው እዚያችው ጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ነው።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አሠራሩ የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል፦ የሞቱት ጠፍጣፋ ሴሎች ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት ኖራው። ኖራው ሲሳሳ ውኃ ከውስጥ ይተናል፣ የሚያሳክክ ነገር ከውጭ ይገባል። የችፌ ታካሚ ቆዳ እንዲያ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ከአምፖሎቹ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ለዚህ ግንብ ወዳጅም ጠላትም ነው። ሲበዛ ቅባቱን አናግቶ ትነቱን ያብሳል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ወዲያው ሳይሆን ውሎ አድሮ ነው። ከማቃጠያው መጠን በታች ሲሆን ግን የቆዳው ቁጣ ይበርዳል፣ ጀርም የሚከላከሉ ፕሮቲኖች ይመነጫሉ፣ ሽፋኑም ቀስ በቀስ ይወፍራል።

ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከም በ1903 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲሸለም፣ ነርሶቹ በውኃ የቀዘቀዘ ሌንስ ቆዳ ላይ ተጭነው ይቀመጡ ነበር። ደም ብርሃኑን ስለሚውጥ ተጭኖ ማሸሽ ነበረባቸው።

ዛሬ ብዙው አምፖል 311 ናኖ ሜትር አካባቢ ያበራል፤ ልኩን ማግኘቱ ግን አሁንም የእጅ ሥራ ነው። ጀርባ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች በተለያየ መጠን ይበራባቸውና በ24 ሰዓት ይታያሉ። ቆዳን ለማቅላት ከበቃው ዝቅተኛ መጠን 70 በመቶ ያህሉ መነሻ ይሆናል። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱን ማየት ቀላል ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለሚደበቅ፣ የለመደች ነርስ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ትዳስሳለች፤ «ማታ አቃጠለዎት?» ብላም ትጠይቃለች። ይቺ ጥያቄ ታካሚን ከመቃጠል ልታድን ትችላለች።

የቫዝሊን ነገርም አለ። ስስ ቅባት ቅርፊቱን አልፎ ጨረሩ እንዲገባ ይረዳል፤ ተለቅልቆ የመጣ ወፍራም ቫዝሊን ግን ያግደዋል። ከሕክምናው በኋላ እንደ ልብ ይቀቡ።

ቆዳ የወፈረው በተከታታይ ሕክምናው ስለሆነ፣ ሲቋረጥ ውፍረቱም ይሳሳል። ሳምንታት ቀርቶ የተመለሰ ታካሚ በድሮው መጠን ቢገባ ይቃጠላል። ስለዚህ ስንት ቀን እንደቀሩ ለነርሷ አይደብቁ።