ቀጋ

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ጮቄ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው በየአጥሩ ጥግ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳር ቀጋ አይጠፋም። አበባው ነጭ ነው፣ አምስት መልካበባ ያለው። ከሰሃራ በስተደቡብ ያለ አገር በቀል ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው ቢሉት እረኛው ግድም አይሰጠው፤ እሱ የሚያውቀው ፍሬውን ነው። ሲቀላ ይቀጥፈዋል፣ በጥፍሩ ይሰነጥቀዋል፣ ከውስጡ ጠጉራም ዘሮቹን ጠርጎ ያወጣል። ያንን ያልጠረገ ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል! የሚበላው ስስ ሥጋው ነው፤ ጎምዘዝ ብሎ ይጣፍጣል። እሾኹ ቆልማማ ስለሆነ ነጠላ ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ ለአጥር የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ለጣዕም እንኳ አጋምን አስበልጣለሁ፤ ለአበባ ግን ቀጋን በሱቅ ጽጌረዳ አልለውጥም።