ፎቶውን ሳይሆን ፊልሙን እዩ

በማንዋል ካሜራ የሚሠራን ሰው ሙያ ለመመዘን ያማረውን ህትመት ወደ ጎን አድርጉና የታጠበውን ፊልም ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ጥሩ አታሚ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ኔጋቲቭ ግን ምንም አይደብቅም።

መጀመሪያ ጥላ የነበረበትን ቦታ ፈልጉ። በኔጋቲቭ ላይ ሳስቶ ይታያል፤ ቢሆንም ዝርዝሩ መለየት አለበት። ጭራሽ ባዶ ከሆነ ብርሃን አንሶታል። ለምሳሌ በኢየሩሳሌም ለዚህ ስሕተት ዋናው ምክንያት የሕንፃዎቹ ድንጋይ ነው። እንግሊዞች በ1918 እ.ኤ.አ. ካወጡት ደንብ ጀምሮ የከተማዋ ሕንፃ በነጣ ያለ ድንጋይ ይለበጣል፤ ፒስጋት ዘኤቭ የተባለው ሰፈርም እንዲሁ። ላይት ሜትር ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚቆጥር ነጭ ግድግዳ ሲያጋጥመው ብርሃኑን ቀንሱ ይላል። በከተማዋ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነጠላ የለበሱ እናት ሲቆሙ ደግሞ ይብሳል፤ ነጠላው ይታያል፣ ፊታቸው ይጠፋል። አዋቂው ቀርቦ ከፊታቸው ላይ ይለካል፤ ካልሆነም ድንጋዩን ለክቶ ሌንሱን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ይከፍታል። ኔጋቲቭ ፊልም ከብርሃን ማነስ ይልቅ መብዛቱን ይችላል።

ቀጥሎ የፊልሙን ጠርዝ አንብቡ። ቁጥሮቹ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። እነሱ ጠቁረው ምስሉ ከሳሳ ጥፋቱ የማንሳት ነው፤ እነሱም ከደበዘዙ የማጠብ ነው። ቁጥር ኖሮ ምስል ጨርሶ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ሲጫን አልያዘም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፊልሙን ስታሳልፉ መጠቅለያው ቁልፍ አብሮ መዞሩን ተመልከቱ። ጥቁረት ከምስሉ አልፎ ጠርዙን ከሸፈነ ፊልሙ ሳይጠቀለል ክዳኑ ተከፍቷል፤ ወይም የክዳኑ ስፖንጅ አርጅቷልና ይቀየር።

ብዥታም ዓይነት አለው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጅ ተንቀሳቅሷል፤ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/60 ሰከንድ አትውረዱ። ሰውየው ብቻ ከተሳበ ሸተሩ ለእርምጃው ዘግይቷል። ግድግዳው ጠርቶ ፊት ከደበዘዘ ፎከስ ስቷል። በፍላሽ ከተነሳው ፎቶ ከፊሉ ከጠፋ ሸተሩ ከሚገባው በላይ ፈጥኗል፤ በብዙ የድሮ ካሜራዎች ወሰኑ 1/60 ነው።

አንድ ያማረ ፎቶ በዕድልም ይገኛል። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለክርስትና አንሺ ስትመርጡ አልበሙን አይታችሁ አትወስኑ፤ አንድ ሙሉ ፊልም አሳየን በሉት። ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ 36ቱም ምስሎች ተቀራራቢ ድፍነት ካላቸው፣ ሰውየው በእያንዳንዱ ምስል ላይ አስቦ ሠርቷል ማለት ነው።