ውጅግራውን አትፋቁት

የድሮ ጠመንጃን ከዝገት ይልቅ የሚጎዳው የባለቤቱ ትጋት ነው። «ላሳምረው» ብሎ ብርጭቆ ወረቀት ያነሣ ሰው፣ መቶ ዓመት ያላጠፋውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋዋል። ውጅግራን እንመልከት። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኩስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ነው። በ1886 ለበን የሚባለው ጠመንጃ ሲተካው ተረፈ፣ ለሽያጭም ወጣ፤ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገብቶ ዓድዋ ላይ ተዋጋ። የት እንደተሠራ የሚነግረን ራሱ ነው፤ የፋብሪካው ስም ብረቱ ላይ ተቀርጿል፣ ሰደፉ ላይም ክብ ማኅተም ተመትቷል። የእንጨቱን ማኅተም ጥቂት ፍቅታ ይወስደዋል፤ ከሄደ አይመለስም።

«ታዲያ ዝገት ይብላው?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ዝገት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ቀይ ዱቄት ብረቱን ገና እየበላ ነው፤ ስስ ዘይት ቀብቶ ማሳደር፣ በማግስቱ በጨርቅ ወይም ከብረቱ በሚለሰልስ የነሐስ ብሩሽ ማንሣት ይገባል። ጠቆር ያለው ቡናማ ሽፋን ግን የረጋ ነው፤ በዘይት ታብሶ ይተው። የቱቦው ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር ባሩድ ተቃጥሎ የሚተወው ዝቃጭ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። የሚያሟሟው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም፤ ሳያጥቡ ዘይት መቀባት ጨውን ከነእርጥበቱ መክደን ነው። በሙቅ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፣ ፈጽሞ ይድረቅ፣ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዋናው ክርክር ያለው ሰደፉ ላይ ነው። አገራችን የኖረ ውጅግራ የተሰነጠቀ አንገቱ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ቆዳው ተነሥቶ ፋብሪካው እንደሠራው ይሁን የሚሉ አሉ። አልስማማም። ፋብሪካው ያንን ሰደፍ በብዙ ሺህ አምርቶታል፤ ቆዳውን ግን እርጥቡን ጠፍሮ፣ ሲደርቅ እንዲያጠብቅ ያደረገው አንድ ባለቤት ነው። መሣሪያው ፈረንሳዊ ሆኖ አለመቅረቱን የሚመሰክረው ያ የቆዳ ማሰሪያ ነው። «አባቶቻችንም ይወለውሉት ነበር» ይባላል። እውነት ነው፤ እነሱ ግን ለነገ ተኩስ ነበር የሚያሰናዱት። ዛሬ መተኮስ የለበትም፤ ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠራን ብረት ዘመናዊ ባሩድ ሊያፈነዳው ይችላል።

ውጅግራ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ የጥይት መጉረሻውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን ያዙ። ከዚያ ዘይትና ጨርቅ አቅርቡለት፤ ብርጭቆ ወረቀት ግን አታስጠጉት።